የሐዋሳ ሐይቅና የሆቴል ፎጣ

የዛሬው ቃላችን «ዝግ ሐይቅ» ነው።

ዝግ ሐይቅ ማለት ወንዝ የሚገባበት፣ ግን የማይወጣበት ሐይቅ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ እንዲህ ነው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም።

እስቲ ሳፋ ላይ ዕቃ ስታጥቡ አስቡት። መጀመሪያ ብርጭቆ፣ ከዚያ ሳህን፣ መጨረሻ ላይ የወጥ ድስት። ውሃውን ሳትደፉ ብርጭቆውን መልሳችሁ ብትነክሩት ቅባት ለብሶ ይወጣል። ዝግ ሐይቅም እንደዚያ ሳፋ ነው፤ የሚደፋው የለም። ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፣ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል።

ታዲያ ሆቴል እዚህ ምን አገባው? ሆቴል ማለት እኮ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የጠረጴዛ ልብሱ! ፍሳሹ ሳይጣራ ዝግ ሐይቅ ውስጥ ከገባ አልጌ ያፋፋል። አልጌው ሲበሰብስ ደግሞ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ዓሣውም ይታፈናል። መቼም ሐዋሳ ሄዶ ዓሣ ሳይበላ የሚመለስ የለም።

ማጣሪያ መትከል የባለ ሆቴሉ ግዴታ ነው፤ በእንግዳ አይሳበብም። ግን እናንተስ፣ ቤታችሁ ፎጣ በየቀኑ ታጥባላችሁ? እንግዲያው ሆቴል ስታርፉ ያልቆሸሸውን ፎጣ መስቀያው ላይ መልሱት፤ ለጽዳት ሠራተኛዋም «ይቆይልኝ» በሏት።