ስለ ስኖውሞቢል ጥገና፤ መሣሪያውና የአሠራር ሥርዓቱ



እንድናገርበት የተጠየቅሁት ጉዳይ ስኖውሞቢል ስለሚባለው፣ በበረዶ ላይ ስለሚሄደው ትንሽ የሞተር ተሽከርካሪ ጥገና ነው። ብዙዎቻችሁ በሥዕል እንጂ በዓይን ያላያችሁት ሊሆን ስለሚችል አስቀድሜ አካሉን ልግለጽ። ፊቱ በሁለት መንሸራተቻዎች ላይ ያርፋል፤ ኋላው ደግሞ እንደ ትራክተር ሰንሰለት በሚዞር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ይገፋል። ለዚህ ዓይነቱ ባለ ጥርስ ማሽከርከሪያና ሰንሰለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 የፈጠራ መብት ያገኘው የኩቤኩ ካናዳዊ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ነው። ይህ ሰው በ1934 መንገዱ በበረዶ ተዘግቶበት ታሞ የነበረውን ሕፃን ልጁን ሐኪም ቤት ሊያደርሰው ባለመቻሉ ልጁ ሞቶበታል። ስኪዱ የተባለችው ትንሿ ተሽከርካሪ ለገበያ የቀረበችው በ1959 ነው።

ታሪኩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ተሽከርካሪው የሚያገለግለው ረዳት በሌለበት ሜዳ ስለሆነ፣ ጠጋኙ በጋራዥ ውስጥ ያለፈውን ጉድለት ነጂው የሚያገኘው ከመንደር ሠላሳ ኪሎሜትር ርቆ፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ በሚሆን ብርድ ውስጥ ነው። ስለዚህ የተሰበረውን ዕቃ በአዲስ መለወጥ ብቻ ጥገና ሊባል አይችልም፤ ዕቃው ለምን እንደ ተሰበረ መታወቅ አለበት።

ከሞተሩ እንጀምር። ዛሬ ባለ አራት ምት ሞተርና የኤሌክትሮኒክ ቤንዚን አቅርቦት ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ምት ሞተርና ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌዎቹም አሁንም ይሠራሉ፤ ጠጋኙን የሚፈትኑትም እነዚህ ናቸው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ቤንዚን እንደሚያበዛ ሁላችንም እናውቃለን። በብርድ አገር የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ቀዝቃዛ አየር እምቅ በመሆኑ ቤንዚኑ ከአየሩ ያንሳል፤ ድብልቁ ይሳሳል፤ ፒስተኑም ከመጠን በላይ ይግላል። ብርዱ ሲበረታ ጂግለሩን በሰፊ መለወጥ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አሁን ፒስተኑ ቀልጦ የተበሳ ሞተር ቀረበልን እንበል። ችኩል ሠራተኛ ፒስተንና ፋሻ ለውጦ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሸኛል። ሞተሩም ብዙ ሳይቆይ እንደ ገና ይቀልጣል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ቤንዚኑና ዘይቱ አስቀድመው በፒስተኑ ሥር ባለው የክራንክ ቤት ያልፋሉ፤ በክራንኩ ዳር ያለው ፓራኦሊዮ ካረጀ ደግሞ በዚያ በኩል ያልተፈለገ አየር ይገባል። ካርቡሬተሩ ምንም ቢስተካከል ድብልቁ መሳሳቱ አይቀርም። ይህን የሚገልጥልን መሣሪያ ርካሽ ነው፦ ትንሽ የእጅ ፓምፕ፣ የግፊት ጌጅና አፎቹን የምንደፍንበት ጎማ። ግማሽ ባር ያህል አየር ሞልቶ ጌጁን ለጥቂት ደቂቃ መመልከት ነው። ከወረደ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ አረፋ የሚነሣበት ቦታ ጥፋቱን ያሳያል። የሞተር መጋዝ የምትጠግኑ ወንድሞችም ይኸው ፓምፕ እንደሚጠቅማችሁ አልጠራጠርም።

የኮምፕሬሽን መለኪያም አስፈላጊ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይለካል። በሲሊንደሮቹ መካከል ከአሥር በመቶ የበለጠ ልዩነት ከታየ ምክንያቱ ሳይታወቅ ተሽከርካሪው መውጣት የለበትም።

ኃይሉን ከሞተር ወደ ሰንሰለቱ የሚያደርሰው የጎማ ቺንጊያ ነው፤ ማርሽ የለውም፤ ሁለት ፑሊዎች እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ይለዋውጣሉ። እኔ እንደማምነው ከተሽከርካሪው ዕቃዎች ሁሉ እንደ ቺንጊያ እውነቱን የሚናገር ምስክር የለም። በአንድ ስፍራ ብቻ ተቃጥሎ የቀጠነ እንደ ሆነ፣ ሰንሰለቱ ከመሬት ጋር በበረዶ ተጣብቆ ሳለ ነጂው ጋዝ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ጥፋቱ የነጂው ስለሆነ ምክር ይበቃዋል። ጠርዙ ተተልትሎ ክሩ ከወጣ ግን ፑሊዎቹ ትይዩ አይደሉም፤ ወይም የሞተሩ ማቀፊያ ጎማ ላልቷል። ይህ በቀጥተኛ የብረት ዘንግ ሳይመረመር አዲስ ቺንጊያ ማሰር የደንበኛን ገንዘብ ማቃጠል ነው። ስፋቱ በካሊብሮ ተለክቶ ከአምራቹ መጽሐፍ ጋር ይመሳከር፤ የፑሊዎቹ ፊት ከቅባት የጸዳ ይሁን። ቺንጊያው ወልቆ ሳለ ሞተሩን ማስነሣት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ሸክም የሌለው ሞተር ከልክ በላይ ይፈጥናል፤ ፑሊውም ይጎዳል።

የፊተኛው ፑሊ በክራንኩ ሾጣጣ ጫፍ ላይ ተጠምዶ ስለሚጣበቅ፣ ለማውለቅ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መንቀያ ቡሎን ያስፈልጋል። በመዶሻና በፌሮ የሚታገሉ ሠራተኞች አይቻለሁ፤ ፑሊው አሉሚኒየም ነውና ይጣመማል፤ ክራንኩም ሊጎብጥ ይችላል። የአንድ ቡሎን ዋጋ ከክራንክ ዋጋ ጋር እንዴት እንደሚወዳደር ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻም። ሲመለስ ሾጣጣው ደረቅና ንጹሕ ሆኖ፣ የጥብቀት መለኪያ ባለው መፍቻ በታዘዘው ልክ ይጠብቃል።

የሰንሰለቱን ውጥረት ለማየት የኋላው ክፍል ከመሬት ይነሣል። ሰንሰለቱ በሚዞርበት ጊዜ ማንም ከኋላ አይቁም፤ የሚስፈነጠር ጠጠር ወይም ችንካር ሰው ይገድላልና። ብርዱን ፈርቶ በር ዘግቶ ሞተር ማስነሣትም እንዲሁ ነው፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም።

ለጉዞ የሚያዘው ጥቂት ነው፦ ትርፍ ቺንጊያ፣ ካንዴላዎችና መፍቻቸው፣ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ የመጎተቻ ገመድና የግንባር መብራት። ትርፉ ቺንጊያ ከመያዙ በፊት አንድ ጊዜ ታስሮ ቢሞከር መልካም ነው፤ ልኩ የተሳሳተ መሆኑ ሜዳ ላይ እንዳይታወቅ።