የፕሮግራሞች የዘር ሐረግ፦ ከሼል እስከ ዊንዶው ማኔጀር



አንድ ባለሙያ በሊኑክስ ማሽኑ ላይ ቀለል ያለ ዊንዶው ማኔጀር ተክሎ፣ አማርኛ ለመጻፍ አይ-ባስ የተባለውን የፊደል ማስገቢያ አዘጋጀ እንበል። ማስገቢያው የሚፈልጋቸውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎችም ባሽ አርሲ በተባለው የሼል ፋይል ውስጥ አሰፈረ። የጽሕፈት ፕሮግራሙን ከተርሚናል በስሙ ሲጠራው “ሰላም” የሚለው ቃል በፊደል ይወጣል። ያንኑ ፕሮግራም ከዊንዶው ማኔጀሩ ሜኑ ሲከፍተው ግን ቁልፎቹ ከላቲን በቀር ሌላ አይጽፉም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚሰጠው ፍርድ “ፕሮግራሙ አማርኛ አያውቅም” የሚል ነው። ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መትከል ይከተላል፤ የሥራው ቀንም በከንቱ ይመሻል። ፍርዱ ግን ስሕተት ነው።

ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው የዩኒክስ ሰባተኛ እትም በ1979 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አብሮ የመጣ ሥርዓት ነው። ስምና ዋጋ ተጣምረው የሚጻፉበት ዝርዝር ሲሆን፣ አንድ ፕሮሰስ ሌላውን ሲወልድ የዝርዝሩን ቅጂ ያወርሰዋል። ውርሱ የሚፈጸመው በልደት ጊዜ ብቻ ነው። ልጅ በቅጂው ላይ ቢጨምር ወላጁ አያውቅም፤ ወላጅም ኋላ ያፈራውን ቀድሞ ለተወለደው ልጅ አያደርስለትም። ወንድምም ከወንድሙ አይወርስም።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ዘር መቁጠር ነው። ከተርሚናል የተጠራው ፕሮግራም የሼሉ ልጅ ነው፤ ሼሉም ባሽ አርሲን አንብቧልና ያለውን ያወርሰዋል። ዊንዶው ማኔጀሩ ግን ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ሲገባ የተነሣ፣ ባሽ አርሲን ያላየ ነው። ተርሚናሉ የእርሱ ልጅ፣ ሼሉ ደግሞ የልጅ ልጁ ነው። የልጅ ልጅ ያፈራው ሀብት ወደ አያት አይወጣም፤ ከሜኑ የተከፈተው ፕሮግራም ባዶ እጁን የሚወለደውም ስለዚህ ነው።

ስለሆነም ቫሪያብሉ መጻፍ ያለበት ከዊንዶው ማኔጀሩ በላይ ባለው ትውልድ ዘንድ ነው። በኤክስ ዊንዶው ሲስተም ስታርት ኤክስ በተባለው ትእዛዝ የሚገባ ሰው፣ ኤክስ ኢኒት አርሲ በሚባለው ፋይሉ ውስጥ ዊንዶው ማኔጀሩን ከሚጠራው መስመር ቀደም አድርጎ “ኤክስፖርት” ብሎ ይጽፋል። በመግቢያ ፕሮግራም የሚገባ ደግሞ በዴቢያን ኤክስ ሴሽን አርሲን፣ በሌሎች ብዙ ሥርጭቶች ኤክስ ፕሮፋይልን ይጠቀማል። ለማሽኑ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚሆነው በኢቲሲ ማኅደር ውስጥ ያለው ኢንቫይሮንመንት የተባለ ፋይል ነው፤ ይህን የሚያነበው ግን ሼል ሳይሆን ፓም ስለሆነ ስምና ዋጋ እንጂ የሼል ትእዛዝ አያስተናግድም። ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚፈለገውን ቫሪያብል ለቤተ ዘመዱ ሁሉ ማውረስ ግን ብልኅነት አይደለም፤ በተለይ የይለፍ ቃል ከሆነ። እንዲህ ያለው በሜኑ ፋይሉ ላይ ከፕሮግራሙ ስም በፊት “ኤንቭ” በሚለው ትእዛዝ ቢገባ ይሻላል።

ሲስተምዲ ባለበት ማሽን የዘር ቆጠራው ይወሳሰባል። አንዳንዱ ፕሮግራም ከሜኑ ቢጠራም የሚወልደው ዊንዶው ማኔጀሩ ሳይሆን የተጠቃሚው ሲስተምዲ ነው፤ ለዚህ በተጠቃሚው የኮንፊግ ማኅደር ሥር ኢንቫይሮንመንት ዲ የተባለ ቦታ ተዘጋጅቶለታል።

ሙከራም ሊያታልል ይችላል። ፋየርፎክስ ተከፍቶ ሳለ ከተርሚናል ዳግመኛ ቢጠራ፣ አዲሱ ጥሪ መልእክቱን ለቀድሞው ፕሮሰስ አስረክቦ ይሞታል፤ የሚታየው መስኮት የሼሉ ልጅ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከግምት ይልቅ በፕሮክ ማኅደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር ያለውን ኢንቫይሮን የተባለ ፋይል ማንበብ ይበጃል፤ ፕሮሰሱ ሲነሣ የወረሰው ዝርዝር በዚያ ይገኛል። ፋይሎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ግን ወጥቶ እንደገና መግባት የግድ ነው፤ ቀድሞ የተወለደው ዊንዶው ማኔጀር አዲሱን ኑዛዜ አላየውምና።