ሁለት ጠብታ

የበጎ አድራጎት ክለብ መዋጮ የት ይደርሳል፣ በሽታን ማጥፋት የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ መዋጮ ብቻውን በሽታ አያጠፋም። የሮታሪ ክለቦች እ.ኤ.አ. በ1985 በፖሊዮ ላይ ሲነሡ ግን ገንዘቡን አስረክበው ዞር አላሉም። ብዙ አባላት የክትባት ሳጥን በትከሻቸው አንግተው ቤት ለቤት ዞረዋል፤ ሁለት ጠብታ ምላስ ላይ፣ ከዚያ የትንሿ ጣት ጥፍር ላይ ቀለም፣ የተከተበው ካልተከተበው እንዲለይ።

እ.ኤ.አ. በ1988 በዓመት 350,000 ያህል ሰው፣ በተለይ ሕፃናትን፣ ያጠቃ የነበረው በሽታ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። መንግሥታትና የዓለም ጤና ድርጅት ትልቁን ሸክም ተሸክመዋል። ክለቦቹ ደግሞ (ስብሰባ ያበዛሉ ቢባሉም!) ሚኒስትር ቢቀየር፣ በጀት ቢጠብ ጉዳዩ እንዳይረሳ ወተወቱ። እድር ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ድንኳኑን የሚተክለውም ያዋጣው ሰው ራሱ ነው።