አባ ሰንጋ፦ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ

የዛሬው ንግግራችን አባ ሰንጋ ስለሚባለው በሽታ ነው።

ማታ በደህና የገባ በሬ ጠዋት በረት ውስጥ ሞቶ ይገኛል። ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው ጥቁር ደም ይፈስሳል። ደሙ አይረጋም። ሆዱ ቶሎ ይነፋል። ይህን ያየ ሰው አባ ሰንጋን መጠርጠር አለበት።

በሽታውን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ጀርሙ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከብት፣ በግና ፍየል ሣር ሲግጡ አብረው ይውጡታል። ሰው ደግሞ የታመመውን ከብት ሲያርድ፣ ቆዳውን ሲገፍፍ ወይም ሥጋውን ሲበላ ይይዘዋል። የቆዳና የጠጉር ብናኝ በመተንፈስም ሊይዘው ይችላል።

በክት እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ከብቱ ሲያጣጥር «ሳይበክት» ብለን ቢላዋ የምናሳርፍበት ጊዜ አለ። በሬ የገበሬ ጉልበት ነው፤ ሲሞት ያሳዝናል። ሥጋውን ለጎረቤት አካፍሎ ጥቂት ገንዘብ ማግኘት ኪሳራውን የሚቀንስ ይመስላል። ታዲያ ቢላዋ ጀርሙን አይገድለውም። እንዲያውም ደሙ ሲፈስስ ጀርሙ አየር ያገኝና ጠንካራ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋን የለበሰውን ጀርም የወጥ እሳት ላይገድለው ይችላል። ጥሬ ሥጋማ የባሰ ነው። በሬ የሞተበት ቤት ሰው እንዳይጨምርበት እንጠንቀቅ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. በድኑን አንክፈት፤ ቆዳውን አንግፈፍ፤ አንሽጥም። ውሻና አሞራ እንዳይቀርበው እንጠብቅ።

2. ለእንስሳት ጤና ሠራተኛ ቶሎ እንንገር።

3. በእሱ ምክር በድኑን እናቃጥል፤ ወይም ሁለት ሜትር ያህል በጠለቀ ጉድጓድ እንቅበር።

4. በሽታው በሚታይበት አገር ከብቶቻችንን በየዓመቱ እናስከትብ። ክትባቱ እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይሠራል። ክትባት የሚጠቅመው ግን ከብቱ ሳይታመም ሲሰጥ ነው።

በሽታው በሰው ቆዳ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያሳክክ ትንሽ እብጠት ነው። ቀጥሎ ውሃ ይቋጥራል። ከዚያም መካከሉ የጠቆረ ቁስል ይሆናል። ቁስሉ ብዙ ጊዜ አያምም። ስለማያም ሰው ይንቀዋል። አትናቁት! ሥጋውን የበላ ሰው ደግሞ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ማስመለስ ሊይዘው ይችላል። በሽታው መድኃኒት አለው። ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከብት እንደሞተባችሁ ወይም እንዳረዳችሁም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት። ሐኪሙ ይህን ካወቀ በሽታውን ቶሎ ይለየዋል።

አድማጮች፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ የቻላችሁ፣ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁ አንብቡለት። በሚቀጥለው ንግግራችን እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።

ጥያቄ

አንድ ከብት በድንገት ቢሞት መጀመሪያ ለማን እንነግራለን?

የሚያጣጥር ከብት ማረድ ለምን አደገኛ ነው?