በሬዲዮ የተዘፈነው የት ገባ?



አቶ አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመሩት በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። የእርሳቸው ሸክላ ከአንድ ቤት ቢጠፋ ከሌላው ይገኛል። ከዚያ በፊት የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከነ ጥላሁን ገሠሠ ጋር በሬዲዮ ያሰማው ግን ብዙው በቴፕ ክር የተቀረጸ ነው፤ ክሩ ከጠፋ ዘፈኑም አብሮ ይጠፋል።

ከእነዚህ ክሮች አንዱ እዚሁ መሪ መኖሩን ሰምቼ ወደ አንድ አዛውንት ቤት ሄድሁ። ካርቶኑን አወጡልኝ፤ የዘፋኙ ስም በእጅ ተጽፎበታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። «ልጄ፥ ማጫወቻው ቢሰበር ክሩን ጣልነው» አሉኝ።

ስለዚህ አደራ እላለሁ፤ በየቤታችሁ ክር ብታገኙ በአሮጌ ማጫወቻ አትሞክሩት፤ ይበጠሳል። የካርቶኑን ጽሑፍ ገልብጡ፤ መቼ እንደ ተቀረጸም ባለቤቱን ጠይቁ። ከዚያም ለማኅበራችን ንገሩ፤ ድምፁን የሚገለብጥ ባለሙያ አብረን እንፈልጋለን።