ሲጋራ፦ ከማስታወቂያ ሰሌዳ እስከ ሳሎናችን



የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሲጋራ ማስታወቂያ ነው። የውጭውን አገር ታሪክ ስናገር ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ1946 በአሜሪካ የካሜል ሲጋራ አምራች ኩባንያ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ሥዕል እያሳየ፣ ሐኪሞች ከሌላው ሁሉ አብልጠው የሚያጨሱት የእርሱን ሲጋራ እንደሆነ ያስተዋውቅ ነበር። ሰው ሐኪሙን ስለሚያምን ሲጋራውንም አብሮ እንዲያምን ነው።

ሆኖም በ1950 ዶልና ሂል የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ሲጋራና የሳንባ ነቀርሳ የተያያዙ መሆናቸውን ገለጹ። በ1964 የአሜሪካ የጤና ሹም ሉተር ቴሪ ይህንኑ በመንግሥት ስም አረጋገጡ። እንግሊዝ በ1965 የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥን አስወጣች፤ አሜሪካም በ1971 ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ከለከለች። ኩባንያዎቹ ግን አልተኙም፤ ወደ መንገድ ዳር ሰሌዳና ወደ ስፖርት ሜዳ ዞሩ።

«የሚያጨስ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። መልሱ በ1981 ከጃፓን መጣ። ሂራያማ የተባሉ ተመራማሪ፣ ራሳቸው የማያጨሱ ከ91,000 በላይ ባለትዳር ሴቶችን ለዓመታት ተከታትለው፣ ባሎቻቸው ብዙ የሚያጨሱት ሴቶች በሳንባ ነቀርሳ ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳዩ። ጢሱ ሚስትንም ይገድላል ማለት ነው። አየርላንድ በ2004 ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት ሳይቀር በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስን ከለከለች። አገራችንም በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሕንፃ ውስጥ ማጨስን፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥንም ከልክላለች።

ወገኖቼ፣ አዋጁ የሳሎናችንን በር አያንኳኳም። ልጃችንን «ሂድ፣ ከሱቅ ሲጋራ ግዛልኝ» ብለን ከላክነው፣ ከሰሌዳ የወረደውን ማስታወቂያ በአባት አንደበት መለስነው። ልጅ ከሐኪም ይልቅ አባቱን ያምናልና።

ስለዚህ ለማቆም የሚታገለውን ወንድማችንን አናሳፍረው፤ እናግዘው። እርሱም እስኪያቆም ድረስ ቤት ውስጥ አያጭስ፤ ልጅም አይላክ። አካላችን አማና ነው፤ የቤተሰባችን ሳንባም እንዲሁ።

አላህ ይርዳን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።