የነቀዝ ኪኒን በቤታችን፤ ጥቅሙ፣ አደጋውና ሊደረግለት የሚገባው ጥንቃቄ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለዲክሲስ ወረዳ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





ዛሬ ስለ ስንዴና ስለ ቢራ ገብስ ምርት፣ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተነግሯል። እኔ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ኪኒን ነው። ጠዋት አንድ አባት ተነስተው፣ «ደክመን ያመረትነውን ነቀዝ እየበላብን ነው፤ ዩኒየኑ የነቀዝ ኪኒን አምጥቶ በየቀበሌው ያከፋፍለን» ሲሉ ጠይቀዋል። ቤቱም አጨብጭቧል። ችግሩ እውነት ነው። መፍትሔው ግን እንደተባለው እንዳይሆን ለመለመን ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት።

ለምን እንደምለምን ላስረዳ። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት በወረቀት የተጠቀለለ ስምንት ፍሬ ኪኒን ከገበያ ገዝተው መጡና እንዴት እንደሚጠቀሙበት ጠየቁኝ። እኔም «በየጆንያው ሁለት ሁለት ጨምረው አፉን ይስፉት» አልኳቸው። ጆንያው የት እንደተቀመጠ አልጠየቅኩም። የተደረደረው ሁለቱ ልጆቻቸው ከሚተኙበት መደብ አጠገብ ነበር። ሌሊት ልጆቹ ራሳቸውን አመማቸው፤ ቀጥሎም ያስታውካቸው ጀመር። እናት የበሉት ምግብ መስሏቸው ብርድ እንዳይመታቸው በሩን ዘግተው አቀፏቸው። ጎረቤት ሰምቶ በሩን ከፍቶ ባያወጣቸው ኖሮ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በጋሪ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም አሰላ ተወሰዱ። በእግዚአብሔር ቸርነት ሁለቱም ዳኑ። እናትየዋ ኋላ ሲያገኙኝ፣ «ልጄ፣ አንተ እንደነገርከኝ ነው ያደረግኩት» አሉኝ። ለወቀሳ አልነበረም ያሉት። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ዝም አላሰኘኝም።

ለመሆኑ ይህች ኪኒን ምንድን ናት?

በገበያ ፎስቶክሲን፣ ሴልፎስና በሌሎችም ስሞች ትታወቃለች። በውስጧ ያለው አልሙኒየም ፎስፋይድ ይባላል። አልሙኒየም ድስት የምንሠራበት ብረት ነው፤ ከፎስፈረስ ጋር ሲዋሃድ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ኪኒኗ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ደረቅ እስከሆነች ድረስ ተኝታ ትቆያለች። እርጥበት ሲያገኛት፣ የእህሉና የአየሩ እርጥበት እንኳ ቢሆን፣ ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ትለቃለች። 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ኪኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ታወጣለች። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ እንጂ ኪኒኗ አይደለችም። ጋዙ ደግሞ ነቀዝንና ሰውን አይለይም። ሰውነታችን በተነፈስነው አየር እንዳይጠቀም ያግዳል፤ ልብንና ሳንባን ይጎዳል።

በአይጥ መርዝነት የሚሸጠው ጥቁር ግራጫ ዱቄትም የዚህችው ዘመድ ነው። ስሙ ዚንክ ፎስፋይድ ይባላል። በሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ያንኑ ጋዝ ይለቃል። ስለዚህ የአይጥ መርዝና የነቀዝ ኪኒን በአንድ ዓይን መታየት አለባቸው።

ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን አራት አባባሎች ላንሳ።

አንደኛ፣ «ካልሸተተ ችግር የለውም» ይባላል። ጋዙ የነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ሽታ ሊኖረው ይችላል። ሽታው ግን ሁልጊዜ አይታወቅም። ሽታ አለመኖሩ የደኅንነት ምልክት ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ፣ «አፍንጫዬን በፎጣ ሸፍኛለሁ» ይባላል። ፎጣም ሆነ የጨርቅ ጭምብል ይህን ጋዝ አይከለክልም።

ሦስተኛ፣ «ሦስት ቀን ሆኖታል፣ አልቋል» ይባላል። ኪኒኗ በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ ትፈርሳለች፤ በብርድና በድርቀት ግን ትዘገያለች። የእኛ አገር ደጋ ነው። ቆላ ላይ በቀናት የሚያልቀው እኛ ዘንድ ብዙ ሊቆይ ይችላል። የሚቀረው ግራጫ ዱቄትም ያልፈረሰ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም፤ ምድጃ አጠገብም አይደፋም።

አራተኛ፣ «ውኃ አፍስሰን እናጥበዋለን» ይባላል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ውኃ ጋዙን በአንድ ጊዜ ያስወጣዋል፤ ጋዙም በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ኪኒን ያለበት ቦታ እሳት ቢነሳ በደረቅ አሸዋ እንጂ በውኃ አይጠፋም።

አባቶቼና እናቶቼ፣ አደገኛ መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ «ተጠንቅቀን እንጠቀማለን» ትሉኝ ነበር። ይሁን እንጂ ኪኒን በጆንያ ውስጥ መጨመር ነቀዙንም በቅጡ አይገድልም። ጋዙ ሥራውን እንዲሠራ እህሉ አየር በማያስወጣ ሸራ ተሸፍኖ ለበቂ ቀናት መቆየት አለበት። ጆንያ ግን ጋዙን እንደ ወንፊት ያሳልፈዋል። ጋዙ ከእህሉ ወጥቶ ወደ ቤታችን ይገባል፤ ከነቀዙ ግማሹ ይተርፋል። የተረፈውም መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። በሚገባ የታጠነ እህል እንኳ ጋዙ ከወጣለት በኋላ መከላከያ የለውም፤ አዲስ ነቀዝ ከገባ እንደገና ይበላል። እንግዲህ ገንዘባችንን ከፍለን የምንገዛው ለልጆቻችን አደጋ፣ ለነቀዙ ልምምድ ነው ማለት ነው።

መለያ ጽሑፍ የሌለው መርዝ ምን እንደሚያደርስ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኢራቅ ከውጭ ያስገባችው የስንዴ ዘር የሜርኩሪ ውህድ በሆነ መድኃኒት የታሸ ነበር። ዘሩ ለገበሬው የደረሰው ከመዝሪያው ጊዜ ዘግይቶ ነበር፤ በጆንያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያም ገበሬው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ቀይ ቀለሙን አጥቦ ዳቦ ጋገረበት። ቀለሙ ታጠበ፤ መርዙ ግን አልታጠበም። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህም 459 ሞቱ። እነዚያም እንደ እኛ የስንዴ ገበሬዎች ነበሩ። በእኛ ገበያ በወረቀት ተጠቅልሎ በፍሬ የሚሸጠው ኪኒን ደግሞ ጭራሽ ጽሑፍ የለውም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ባወጣችው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ስለ ምዝገባ፣ ስለ ማሸጊያና ስለ መለያ ጽሑፍ ደንግጋለች። በወረቀት የተጠቀለለ ኪኒን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው።

ሌላው በአደባባይ ለመናገር የሚከብድ ጉዳይ ነው። ይህን መርዝ በሐዘንና በንዴት ሰዓት በገዛ እጃቸው የሚወስዱ ወገኖቻችን አሉ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ብዙዎቹ በማግስቱ ንዴታቸው የሚበርድ ወጣቶች ናቸው። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ-ተባዮችን ከገበያ ካወጣች በኋላ በአሥር ዓመት ውስጥ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። መርዙ በመደርደሪያ ላይ አለመኖሩ በራሱ ሕይወት ያድናል።

አደጋ ቢደርስስ ምን እናድርግ? ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሳልና የደረት መጨነቅ ከታየ በሩን ከፍቶ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ያስፈልጋል። ተውጦ ከሆነ ወተት መርዙን አያረክሰውም፤ እንዲያስታውክ ማስገደድም አይገባም። ትውከቱም ጋዝ ስላለው አስታማሚው ይጠንቀቅ። ማሸጊያው ከተገኘ ይዞ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። የሳንባ ጉዳት ከአንድ ቀን በኋላም ሊመጣ ስለሚችል «ተሻለኝ» ብሎ መቅረት አይገባም።

በመሆኑም ለዩኒየናችን አመራርና ለወረዳችን ኃላፊዎች ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ. ዩኒየኑ ኪኒን በፍሬ ለአባላት አያከፋፍል። እህል ማጠን ካስፈለገ ሰው በማያድርበት መጋዘን፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ ሠልጥነው ተገቢውን ጭምብልና የጋዝ መለኪያ በያዙ ሠራተኞች ይሠራ።

2ኛ. ለቤት ክምችት ፒክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ዩኒየኑ እንደ ማዳበሪያው ሁሉ በብድር ያቅርብ። ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች በውስጥ፣ አንድ የተሸመነ ከረጢት በውጭ አሉት። በደንብ የደረቀ እህል ይሞላበታል፤ አየሩ ይጨመቃል፤ ሁለቱ ፕላስቲኮች ለየብቻ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ። ነቀዙ በውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ታፍኖ ይሞታል። መርዝ የለውም። ካልተቀደደም በሚቀጥለው ዓመት ያገለግላል። አይጥ እንዳይበሳው ግን ቤቱን ማጽዳትና ከረጢቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

3ኛ. የግብርና፣ የንግድና የጤና ጽሕፈት ቤቶች በጋራ ሆነው በገበያ ቀን በወረቀት የሚሸጠውን ኪኒን ይቆጣጠሩ። እኛ የልማት ሠራተኞችም መጠን ከመናገራችን በፊት «እህሉ የት ነው ያለው? ማን ነው አጠገቡ የሚተኛው?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ያን ጊዜ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ይህ ነበር።

ለጠየቁን አባት የምመልሰው እንዲህ ነው፦ አባቴ፣ እህልዎን ነቀዝ እንዳይበላው ዩኒየኑ የማገዝ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ከጎተራው ጋር ልጆችዎንም በሚጠብቅ መንገድ ይሁን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ በእጃችን ሳለ ዛሬውኑ እንወስን።